ማስጠንቀቂያው እዚያው ይነበብልኝ

በእኛ ፋብሪካ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ማለት መሰናበት ነው። እኔ ሁለቱን በአንድ ወር ውስጥ ጠጥቻቸዋለሁ። ጥፋቴ በእጄ ማውራቴ ነው።

በሽመና ክፍላችን አርባ ማሽን ባንዴ ይጮሃል። አጠገብህ ያለ ሰው ቢጣራ አፉ ሲከፈት ታያለህ እንጂ ድምፁ አይደርስህም። ስለዚህ ከእኛ በፊት የነበሩት ሴቶች በእጅ መነጋገር ጀመሩ፤ እኛም ወረስነው። ጣት ማጠላለፍ፣ ክሩ ተወሳሰበ። አገጭ መንካት፣ አለቃ መጣ። ሁለት ክንድ ከራስ በላይ ማመሳቀል፣ አቁም። ለሐሜትም ምልክት አለን፤ እሱን እንኳ እዚህ አልዘረዝርም።

አዲሱ የክፍል ኃላፊ ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታ ቆጠረው። ያለ ወረቀት ስለማይተነፍስ «ወረቀቱ» አልነው። ብልሽት ያየ ቅጽ ሞልቶ ሳጥን ውስጥ ይክተት፣ በእጅ የሚያወራ ይቀጣል ብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ሳጥኑን የሚከፍተው በቀን ሁለቴ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ጩኸት ውስጥ ቆሜ ጆሮዬ ደንዝዟል፤ እጄን ሲከለክለኝ አፌን ሰፋው። ንዴቴ እስከ ዛሬም አልበረደልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት መካኒኩ አንዱን ማሽን አስቁሞ እጁን ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ከቷል። በዚያው ማሽን ወዲያኛው በኩል ያለችው ጓደኛዬ እሱን አላየችውም። ማሽኗ ዝም ብሎ የቆመ መስሏት ልታስነሳው እጇን ሰደደች። ክንዶቼን ከራሴ በላይ አመሳቀልኩ፣ እሷም አይታኝ ተወችው። «ወረቀቱ» በቢሮው መስታወት በኩል ያየው ግን የእኔን እጅ ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ቢሮው ጠራኝ። ሦስተኛው ደብዳቤ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መካኒኩ የሆነውን ቀድሞ ቢነግረውም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል።

«ይፈርሙ» አለኝ።

«ልጄ፣ ያጠፋሁት ማሽኔ አጠገብ ነው፤ እዚያው ቆመህ አንብብልኝ። ከሰማሁህ እፈርማለሁ።»

ሌሎቹም መማሪያ ያድርጉት ብሎ ነው መሰለኝ፣ ደስ ብሎት ተከተለኝ። ማሽኔ አጠገብ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። እንደገና ከላይ ጀመረ፤ የአንገቱ ደም ስር ተገታተረ። አልሰማሁም አልኩ። በሦስተኛው ሳል አቋረጠው። ሴቶቹ እጃቸው ሥራ ላይ፣ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው።

ወደ ዋናው ማብሪያ ዞሮ እዚያ በቆመው መካኒክ ላይ «ማሽኖቹን አጥፋልኝ» ብሎ ጮኸ፤ ከአፉ እንቅስቃሴ ገባኝ። መካኒኩም እንደ እኔ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ቢጠራው፣ ቢጠራው ያው ነው። በመጨረሻ ደብዳቤውን ብብቱ ስር ሸጎጠና ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ አመሳቀለ።

መካኒኩ ማብሪያውን አወረደ። አርባውም ጸጥ አሉ። ደብዳቤው መሬት ወደቀ፤ የ«ወረቀቱ» ክንዶች ግን ገና ከላይ ናቸው፣ ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው።

«ይህንን ሁላችንም ሰምተናል» አልኩት። «ሌላውን አልሰማሁም። አልፈርምም።»

ደብዳቤውን ከመሬት አንስቼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩለትና ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።