ዝም ያለ ተስማማ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ድፍን» ካሉ አራተኛ ፎቅ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችውን ክፍል ያሳያሉ። ሥራዋ መስመር መድፈን ነው። መንግሥት ጆሮውን ሲደክመው ማዳመጡን ለአንድ የግል ድርጅት ሰጠ፤ ድርጅቱ የሰው ስልክ ያዳምጣል፣ ያዳመጠውን ይጽፋል፣ በየሦስት ወሩም ለምክር ቤቱ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሪፖርት ያቀርባል። ኮሚቴው ድርጅቱን ይቆጣጠራል ይላል ሕጉ። ሪፖርቱ ግን ኮሚቴው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእሷ እጅ ያልፋል፤ ኮሚቴው ማየት የሌለበትን በጥቁር ማርከር ታጠፋለች። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ታደርገዋለች፤ ማርከር ብቻውን አይታመንም፣ ወረቀቱን ወደ መስኮት ያነሳ ሰው ከሥሩ ያነባል። ዋናው ወረቀት ካዝና ይገባል፤ ኮፒው ለኮሚቴው ይሄዳል።

የሚደፈነው አራት ዓይነት ነው፤ አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ ስም፣ ሁለት አድራሻ፣ ሦስት የመሣሪያ ዓይነት፣ አራት የሚደመጠው ሰው ስም። ከእያንዳንዱ ጥቁር መስመር ጎን ቁጥሩና የደፈነው ሰው ፊርማ ይቀመጣል። እትዬ ድፍን አሥራ አንድ ዓመት ስትደፍን የምትደፍነውን አንብባ አታውቅም። ማየትና ማንበብ ለየቅል ናቸው። አናጺ የሬሳ ሣጥን በሠራ ቁጥር ቢያለቅስ ሚስማሩን ማን ይመታል?

የዚያን ቀን ጠዋት ግን አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አነበበች።

«ሾፌር ነው። ከእህቱ ጋር ይኖራል። ለጓደኛው በስልክ እንዲህ ብሏል፦ ‹የእህቴ ማርከር አንድ ቀን ቢለቅ ስንቱ ሱሪውን ይዞ ይሮጥ ነበር።› ጓደኛው ስቋል።»

ታናሽ ወንድሟ ነው። ስሙ ከነአያቱ ተጽፏል። እናታቸው ስትሞት አምስተኛ ክፍል ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ምላሱም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከሐሳቡ ይቀድማል። ስለ ሥራዋ ትንፍሽ ብላለት አታውቅም። የሚያውቀው ጣቷ ላይ የሚቀረውን ቀለም ብቻ ነው።

ከወሬው በታች ሦስት መስመር የውሳኔ ሐሳብ አለ። ምስጢር ከእህቱ ስለሚያገኝ ተይዞ ላልተወሰነ ጊዜ ይጠየቅ ይላል፤ ኮሚቴው በሰባት ቀን ውስጥ ካልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ማርከሩን አስቀመጠች። መልሳ አነሳችው። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው የከፋ ነገር መጣባት፤ እነዚህ ሦስት መስመሮች ከአራቱ ቁጥሮች በአንዱም ውስጥ የሉም። ስም አይደሉም፣ አድራሻ አይደሉም። እሷ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደፍናቸዋለች። ጡረታ የወጡት ሽማግሌ ሥራውን ሲያስረክቧት «ከወሬው በታች ያለችውን ሁልጊዜ ድፈኚያት፣ አራት በያት፣ አትመራመሪ» ብለዋታል። አልተመራመረችም። ኮሚቴው ጥቁር መስመር ይደርሰዋል፤ ሰው ጥቁር መስመርን ምን ብሎ ይቃወማል? ዝም ይላል። ዝም ያለ ተስማማ። በየገጹ አንድ ሰው፣ በየሪፖርቱ አርባ ገጽ፣ በዓመት አራት ሪፖርት... ልታባዛ ጀመረችና ተወችው።

በሩ ተንኳኳ። የድርጅቱ ተጠሪ ነበር። ሪፖርት በሚወጣበት ቀን ሁሉ መጥቶ ገጾቹን ያገላብጥና «በርቱ» ብሎ ይሄዳል። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሲስብ እንኳ አይሰማም።

«እንዴት አደሩ እትዬ? ዛሬ የዘገዩ መሰለኝ።»

«ማርከሩ ደርቆብኝ ነው።»

«አዲስ ፓኬት ልኬ ነበር እኮ። ይሄ የእናንተ ዕቃ ግምጃ ቤት የገባበት አይወጣም።» ፈገግ አለ። «ልክ እንደ እኛ ቤት።»

አብራው ሳቀች። አለመሳቅም የሚጻፍ መሰላት።

ያውቃል ወይስ አያውቅም? ገጹን ሆን ብለው አስገብተው እጇን ሊያዩ ይሆን? ክፍት ብትተወው ምስጢር አሳልፋ ሰጠች ተብላ እሷ ትታሰራለች። ብትደፍነው ወንድሟን በገዛ ፊርማዋ አስረክባለች። ማስመሪያዋን ገጹ ላይ አስቀምጣ ስሙን አጠቆረች፤ አራት። አድራሻውን አጠቆረች፤ የራሷ ቤት ነው፤ ሁለት። ሦስቱ መስመሮች ጋ ስትደርስ ማስመሪያው ተንሸራተተባት፤ መዳፏ ረጥቦ ነበር። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። ከዚያ ገጹን ገለበጠች።

አሥራ ስምንትንም እንዲሁ አደረገች። እስከ አርባ ድረስ ስሙን እየደፈነች ሦስቱን መስመር ተወቻቸው። ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ያሉት ግን ተደፍነው ነበር፤ ማርከር አይፋቅም። እነዚያን አሥራ ስድስት ሰዎች ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ወንበር ስቦ ሲጠብቅ የቆየው ተጠሪ ገጾቹን ተቀብሎ ጣቱን እያራሰ ገለጠ። አሥራ ሰባት ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይቺ ተረስታለች።» ቀጠለ። «ይቺም። እስከ መጨረሻው ተረስታለች።»

«አልተረሳችም። ቁጥር የላትም።»

«እስከ አሥራ ስድስት ነበራት።»

«ስህተት ነበር።»

«የአሥራ አንድ ዓመት ስህተት?»

«ስህተት ሲያረጅ ሕግ ይመስላል።» ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት። «አራት ስም ነው፤ ይሄ ስም አይደለም። ይደፈን ካሉኝ እደፍናለሁ። ብቻ ቁጥሩን ጎኑ ላይ ይጻፉና ይፈርሙልኝ። ከነሙሉ ስምዎ።»

ተጠሪው እስክሪብቶ አወጣ። ክዳኑን ከፈተ። የድርጅቱ ሰው ወረቀት ላይ በገዛ እጁ ስሙን አይጽፍም፤ የሥራቸው ሀ ሁ ይኼ ነው። ቢጽፍ እሷ ትደፍንለታለች፤ ዋናው ግን ካዝና ውስጥ ይኖራል። እስክሪብቶውን አየት አድርጎ ክዳኑን መለሰ።

«ኃላፊዎን ላነጋግራቸው?»

«እሳቸውም ከደፈኑ ይፈርማሉ።»

ሁለቱም ኃላፊውን ያውቋቸዋል፤ የዓመት ፈቃድ ሲፈርሙ እንኳ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ናቸው።

ተጠሪው ተነሳ። ወንበሩ አልተሰማም። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«ወንድምዎ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ተጫዋች ነው አሉ። ሰላም ይበሉልኝ።»

በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ቢያላጋው በወደደች።

ከዚያ ኮፒ አደረገች፣ ዋናውን ቆለፈችበት፣ መልእክተኛው አምስት ሰዓት ላይ ፖስታውን ይዞ ሄደ። ኮሚቴው አንብቦ ሊቃወም ይችላል። አንብቦ ዝም ሊልም ይችላል። ጥቁር የለመደ ዓይን ነጩንም ይዘለው ይሆናል። ሰባት ቀን።

ለምሳ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። ወንድሟ የከሰዓት ተረኛ ስለሆነ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጥቁርና ትንሽ።

«እታለም! በዚህ ሰዓት? አባረሩሽ እንዴ?»

አፏን ከፈተች፤ ስልኩን ስታይ አፏን መልሳ ገጠመች፤ ባይደወልበትም ይሰማል። ውጭ ብታስወጣው «ስልኩን ትቶ ወጣ» ብለው ይጽፋሉ። ዝም ብትልም ይጽፋሉ፤ ስንት ጊዜ በዓይኗ ስር አልፏል፣ «ረጅም ዝምታ፣ አጠራጣሪ» የሚል።

«ጫማህን ምንጣፉ ላይ አትጥረግ አላልኩህም?» አለች ጮክ ብላ።

«ኧረ ቀስ፣ ለምንጣፉ ነው ለእኔ የምትጮኺው? ቀለሙን ካልወደድሽው በዚያ ማርከርሽ...»

ዘላ አፉን በመዳፏ ከደነችው። ከመዳፏ በላይ ያሉት ዓይኖቹ መጀመሪያ ሳቁ። ፊቷን ሲያዩ ተዉት። በሌላ እጇ ስልኩን አሳየችው፤ ከዚያ ጆሮዋን ነካች።

ማውራቷን አላቋረጠችም። ስለ ምንጣፉ አወራች፤ ስለ ዝናቡ፤ ልብስ ማስጫ ገመዱን ስለበጠሰችው ጎረቤት። ትንፋሹ መዳፏን እያሞቀው የገመዱን ወሬ ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀ። እጇን አነሳች።

«እሺ እታለም» አለ፤ ክፍል ውስጥ ተነስቶ እንደሚያነብ ተማሪ። «ምንጣፉን አጥበዋለሁ። ጫማዬን ውጭ እወለውላለሁ።»

ቆመች፤ የሚጨምረውን ቀልድ ጠበቀች። አልጨመረም። ብሩሹን አንስቶ በጣቶቹ ጫፍ እየተራመደ ወደ ደጅ ወጣ።