አልመዘገብ ያለችው ልጅ

እፀገነት ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ጤና ኬላ መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያ ዓመት እንደ ጌታነሽ ልጅ ያሰለቻት ነገር አልነበረም። የሕፃኗን ስም፣ የእናቷን ስም፣ የተወለደችበትን ቀን ታብሌቱ ላይ ሞልታ «መዝግብ» የሚለውን ስትነካ የክትባት መመዝገቢያው አፕ ድርግም ብሎ ይዘጋል። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ይገባሉ፤ ይህች አትገባም።

ክትባቷን በወረቀት ካርድ እየጻፈች ትሰጣታለች። ወር በመጣ ቁጥር ግን ተቆጣጣሪዋ አቶ ምንይሉ ስብሰባ ላይ ያነሡባታል።

«አንዲት ልጅ አሁንም ጎድላለች።»

«ታብሌቱ አልቀበል ብሎኝ ነው፣ አቶ ምንይሉ።»

«የሌሎቹን እንዴት ተቀበለ ታዲያ?»



ጤና ኬላው ኔትወርክ ስለሌለው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥታ፣ ነጠላዋን ይዛ ከንፋስ ጋር እየታገለች፣ አዲስ አበባ ላለው የአፑ ባለሙያ ለሰላሃዲን ትደውላለች።

«ሲዘጋ ምን የሚል ጽሑፍ አሳየሽ?»

«ምንም። ዝም ብሎ ይዘጋል።»

«እስቲ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።»

«የተዘጋውን ምኑን ላንሣው?»

እሱ እዚያ በሌላ ልጅ ሲሞክረው ይሠራል። «ምናልባት ስትነኪ ተሳስተሽ ይሆናል» ይላታል፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። ወራት እንዲህ አለፉ። በመጨረሻ መደወሉን ተወችው።

ግንቦት ሲያልቅ አፑ ታደሰ። ሲከፈት፣ ችግር ሲያጋጥም መረጃው በራሱ እንዲላክ ትፈቅድ እንደሆነ ጠየቃት። እንደገና ጉብታው ላይ ወጥታ ለሰላሃዲን ደወለች።

«የእናትየዋ ስም አብሮ ይሄዳል?»

«ስም አይሄድም። የታብሌቱ ዓይነት፣ የነካሻቸው ነገሮች፣ አፑ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተዘጋ፤ ይኸው ነው።»

ፈቀደች፤ ሞላች፤ ተዘጋ። ብዙም ተስፋ ሳታደርግ ወረደች።

በሦስተኛው ቀን ለሥራ ዘመሮ እንደገባች ስልኳ ጠራ።

«እፀገነት፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አለ ሰላሃዲን። «አፑ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ አድርጎ ነው የሚያውቃት። ልጅቷ የተወለደችው በስድስተኛው ቀን ነው። በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ቀን ነውና እኔም አልሞከርኩትም።» አክሎም፦ «ታብሌቱ የበፊቱንም ሁሉ መዝግቦ ይዞት ኖሯል። ሰባ ሦስት ጊዜ ሞክረሻል።»

እሷ ቆጥራው አታውቅም። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ የሚመጣ መስሏት ነበር፤ የመጣው ግን ድካም ብቻ ነው።

«እሺ» አለች። «መቼ ይስተካከላል?»

በሳምንቱ ተስተካከለ። ጌታነሽ ልጇን ለዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት ይዛ ስትመጣ እፀገነት ሞልታ ነካች። ተመዘገበች።

«ገባች» አለች እፀገነት።

«የት?» አለች ጌታነሽ፣ የልጇን ክንድ እየገለጠች።

በወሩ ስብሰባ ላይ እፀገነት ሳትጠየቅ ተነሣች። «ጥፋቱ የአፑ ነበር» አለች።

«ይሁን፣ ዋናው መግባቷ ነው» አሉ አቶ ምንይሉ፣ ወደሚቀጥለው ቀበሌ ገጹን እየገለጡ።

እሷም ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የተባለውን ብዙም አልሰማችውም።