የሰው ጽሑፍ አይነካም

እኛ መንደር ሰው የሰው ነገር አይነካም። የጎረቤት ጀልባ ውሃ ሲሞላ እንኳ ባለቤቱን ሳንጠራ አንጎትትም። ጨዋነት ነው፤ እኔን ግን ሊያሳብደኝ ደርሶ ነበር።

የኛም ሆነ ከሐይቁ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት በጣት የሚቆጠሩ ልጆች ብቻ ቀርተውታል። የትምህርት ኃላፊው ራውሃላ ሁለቱንም ዘግተው ልጆቹን በአውቶቡስ ከተማ ሊያመላልሱ አሰቡ። እዚህ በክረምት ፀሐይ ብቅ ብላ ነው የምትጠልቀው፤ በጨለማ ሄደው በጨለማ ሊመለሱ! እኔ አስተማሪያቸው ሲርካ በቁሜ እያለሁማ አይሆንም አልኩ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚገኝ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ የሚጽፍበት ገጽ ከፍቼ ሁለቱን ክፍሎች አንድ አደረግኳቸው። ራውሃላም "አብረው ሲሠሩ በዓይኔ ልይና እንነጋገራለን" አሉኝ።

ሥራው በክረምት በረዶ ሆኖ ስለሚረጋው ሐይቃችን መጻፍ ነበር። ልጆቹ እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ጽፈው፣ በመሃል ሰፊ ባዶ ቦታ ትተው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

"ቪየኖ፣ የማዶው ኦስካሪ የጻፈው ልክ ነው?" አልኳት አንዷን ተማሪዬን።

"አይደለም።"

"ታዲያ አስተካክዪዋ!"

"የሱ ነው እኮ ሲርካ። ቢናደድብኝስ?"

"ይናደዳ! ተናዶ የሞተ የለም።"

ሳቀች እንጂ አልነካችውም።

ራውሃላ የመጡ ዕለት ከኋላ ተቀምጠው ላፕቶፓቸው ላይ ገጹን ከፈቱ። እዚህም እዚያም የተበተነ መስመር ብቻ። ቢጨንቀኝ ልጆቹን ላነሳሳ ብዬ ራሴ ጻፍኩ፦ "በሚያዝያ፣ ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ቦታ፣ በረዶው ሰው ይሸከማል።" የከተማ ልጅ ነኝ፤ እውነት መስሎኝ ነው።

ዓይኔ እያየ "ይሸከማል" የሚለው ፊደል በፊደል ጠፋ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ቪየኖ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። "ይቅርታ ሲርካ፤ ይሄን ያመነ ሰው ይሰምጣል።"

በቦታው "አይሸከምም" ብላ ጻፈች። ኦስካሪ ከማዶ "ከሥር ውሃው በረዶውን ስለሚበላው" ብሎ ቀጠለላት። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይሰርዛል፤ "ኧረ ተው፣ አጎቴ የወደቀው እዚያ ጋ አይደለም!" እየተባባሉ ክፍሉን ገበያ አደረጉት። ባዶ ቦታው ሁሉ ሞላ። ደስ ብሎኝ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ራውሃላ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ ከገጹ ግርጌ በሁለት ጣት እየለቀሙ ጻፉ፦ "ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ዓመት ክፍት ይሆናሉ።"

እፎይ ልል ስል "ለአንድ ዓመት" የሚለው ጠፋ።

"እንዴ!" አሉ ራውሃላ። "ማነው የነካው?"

ቪየኖ ብድግ አለች።

"ልክ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ገና ዳዴ ነው የሚለው። አንድ ዓመት አይበቃውም።"

ራውሃላ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ፤ ጣታቸውን ወደ ፊደሎቹ ሰደዱ። የጠፋውን አልመለሱትም፤ ከሥሩ ስማቸውን ጻፉ።