ማደብዘዣዋ ደህና ናት

አባቴ አንድ ነገር ካለ አለ ነው። «የዳሽቦርዱ መብራት ማደብዘዣ ሞቷል፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረኝ። የፍጥነቱና የነዳጁ ቁጥሮች አልታይ ብለውታል። በሚኒባሱ አሥራ አራት ተማሪዎች ገና ሳይነጋ እየለቀመ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ነገ ሰኞ ትምህርት ይከፈታል፤ መብራቱ ካልተሠራ አልወጣም ብሏል። እኔ ደግሞ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ስለሆንኩ ቤት ውስጥ የተበላሸ ሁሉ የእኔ ጣጣ ነው።

ከምሳ በኋላ ማደብዘዣዋን በካቻቪቴ ፈልቅቄ አወጣሁና ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። አውራ ጣት የማታህል ማዞሪያ ናት፤ ወደ ላይ ሲያዞሯት መብራቱ ይደምቃል፣ ወደ ታች ይደበዝዛል። የቴስተሬን ጫፎች አስነክሼባት ቀስ እያልኩ አዞርኳት። ቁጥሩ ሳይዘል ሳይቆራረጥ ወጣ፣ ወረደ።

«ደህና ናት እኮ አባዬ።»

«ቴስተርሽ ይሆናላ የተበላሸው።»

እሱን በክርክር የረታ ስለሌለ መልሼ ገጠምኳት። እንደ ሌሊት እንዲጨልም የጋራዡን በር ዘጋሁ፣ የመኪናውን መስታወቶች በብርድ ልብስ ሸፈንኩ። እሱ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ እኔ በሩ ሥር ተንበርክኬ እጄን ወደ ማዞሪያዋ ሰደድኩ። እስከ መጨረሻው አደመቅኩት። የእኔን ዓይን ወጋው፤ እሱ ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። ከዚያ መደብዘዙንም ልይ ብዬ ወደ ታች አዞርኳት። መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ይኸው፣ አሁን ፍንትው አለ» አለ አባቴ። «ነዳጁም ግማሽ ላይ ነው። እጅሽ ይባረክ።»

ነዳጁን ጠዋት ያስቀዳው እሱ ራሱ ነው። አንጀቴን በላው። ዝም ብዬ ልተወው ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን የሚጭነው አሥራ አራት ልጅ ነው።

«አባዬ፣ መብራቱ ጠፍቷል።»

ጨለማው ውስጥ እጁ ከመሪው ላይ ሲወርድ ሰማሁ።

«ምነው ማደብዘዣው በሆነ ብዬ ነበር» አለ።

ወረደ። የመኪናውን አካል በእጁ እየዳበሰ ዞሮ በሌላኛው በር ገባና ከሾፌሩ መቀመጫ ጎን ተቀመጠ።

«ነገ አንቺ ትነጃለሽ፤ እኔ መንገዱን እነግርሻለሁ። ካደረስናቸው በኋላ ዓይን ሐኪም ጋ ትወስጂኛለሽ።» በሩን ዘጋና ጨመረ፦ «የመጨረሻዋ ቤት ስትደርሺ ጥሩምባ እንዳትነፊ። ልጅቷ ትደነግጣለች። ወርደሽ ነው የምታንኳኪው።»