ጫፉ የተማሪው ነው

ፀደንያ መብራት እንደሚጠፋ አስቀድማ አስባ ነበር። ቦንጋ የኖረ ሰው ይህን ሳያስብ የኢንተርኔት ቀጠሮ አይይዝም። ስለዚህ ገና ከሳምንቱ መጀመሪያ ሙራድ ሱቅ ሄዳ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችውን ዕቃ ቤት ለአንድ ረፋድ እንዲያውሳት ለመነችው። ሙራድ ዋይፋይም ጀነሬተርም አለው። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ አስፍቶት፣ አሁን ከሳሙና እስከ ስፖንጅ ፍራሽ የማይገኝበት ነገር የለም።

«ለስብሰባ ነው፣ ቲቸር?»

«ለስብሰባ ነው» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ።

ስብሰባ አልነበረም። ታይላንድ ውስጥ ናን በምትባል ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ይፈልጋል፤ የዛሬው ፈተና ለዚያ ነው። ፀደንያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለውጭ ትምህርት ቤቶች ስታመለክት ኖራለች። በትልልቆቹ ከተሞች ያሉት የፓስፖርቷን አገር ሲያዩ መልስ እንኳ አይሰጧትም፤ የሚፈልጉት እንግሊዝኛን ከእናቱ ጋር ሲያወራ ያደገ ሰው ነው። አንድ ቀን ካርታ ዘርግታ ቁጭ አለችና ጥያቄውን ገለበጠችው፤ እነዚያ ሰዎች መሄድ የማይፈልጉት የት ነው? ከዋና ከተማው ርቆ፣ ተራራና ደን ውስጥ፣ ጭጋግ የሚውልበት፣ ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ የሚኬድበት ቦታ። እንዲህ ያለውን ቦታ በደንብ ታውቀዋለች፤ ተወልዳ ያደገችበት ነው።

ናን መለሰላት። ደብዳቤው አጭርና ግልጽ ነበር። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትሁን፤ ጥቂት ጥያቄ ትጠየቃለች፤ ከዚያ ተማሪ ፊቷ እንዳለ ቆጥራ የአንድ ሥራ ቅደም ተከተል ታስተምራለች። መስመሩ ከተቋረጠ ተራው ለሚቀጥለው አመልካች ይሰጣል፣ ሁለተኛ ቀጠሮ የለም።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከሠላሳ አምስት በላይ አይቀበሉም። በእንግሊዝኛ ከክፍል ውጭ ከማንም ጋር አውርታ አታውቅም፤ የምታውቀው ነገር ከካፋ መውጫው ከጎጀብ ድልድይ ወዲያ ይሠራ እንደሆነ ሳታይ ማርጀቱን ፈራችው።

ለማንም አልተናገረችም። በተለይ ለጋሽ ሣህሌ። ጋሽ ሣህሌ ዘጠነኛ ክፍል እያለች እንግሊዝኛ ያስተማሯት፣ አሁን ደግሞ የምትሠራበት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው። ባለፈው ዓመት ሁለት የእንግሊዝኛ መምህራን ለቀው ስለሄዱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የያዘችው እሷ ብቻ ናት። እሳቸው ካልፈረሙ ደግሞ መልቀቂያ የሚባል ነገር የለም።

በቀጠሮው ቀን መብራቱ ከማለዳው ጠፋ። ፀደንያ ስትደርስ ሙራድ ከጓሮ ሆኖ የጀነሬተሩን ገመድ ይጎትታል።

«ነዳጅ አለው?» አለችው።

«ውስጡ ያለችው ናት። ትናንት ማደያው ባዶ ነበር።»

«እስከ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። ለአንቺ ስል ፍሪጁን ነቅያለሁ። እርጎው ከኮመጠጠ አንቺ ትጠጪዋለሽ!»

ሚስቱ ሱምያ ከመደርደሪያው ጀርባ ሳቀች። ሱምያ የፀደንያ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬም ስታያት ከመቀመጫዋ ትነሳለች።

«ሱሚ፣ ሰው ሲመጣ ድምፁን ቀነስ እንዲያደርግ ንገሪልኝ።»

«ችግር የለም ቲቸር፣ አፋቸውን ነው የማስይዛቸው።»

ዕቃ ቤቱን ከሱቁ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ፀደንያ የስኳር ጆንያዎቹን በነጭ አንሶላ ሸፈነች። ላፕቶፑን በሳሙና ካርቶኖች ላይ አስቀምጣ፣ ፊቷ እንዳይጠቁር ጀርባውን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ወንበሩ ሲጢጥ ስለሚል ለውጣ በርጩማ አመጣች። ስልኳን ሞከረች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሞባይሉ ኔትወርክ ስለሚደክም መልእክት ይልክ እንደሆነ እንጂ ምስል አይሸከምም። ሁሉም ነገር በዋይፋዩና በዚያች ነዳጅ ላይ ተንጠልጥሏል።

አምስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ በራ። ወይዘሮ ፒምቻይ የሚባሉ፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የሰበሰቡ ርዕሰ መምህርት ብቅ አሉ። ከጎናቸው መነጽር ያደረገ ወጣት ተቀምጧል። የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህር ነው ብለው አስተዋወቁት፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ከመንሳት በቀር ቃል አልተነፈሰም።

ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ። ስንት ዓመት አስተማሩ፣ ክፍልዎ ውስጥ ስንት ተማሪ አለ። ሰባ ስትላቸው ወይዘሮ ፒምቻይ ቁጥሩን አስደገሟት። ፀደንያ መተንፈስ ጀመረች። ይህን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ የምታውቀው ድምፅ ተሰማ።

«የባትሪ ድንጋይ አለሽ፣ ሱምያ? ለሬዲዮ የሚሆን።»

ጋሽ ሣህሌ ነበሩ።

«ቀስ ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ!» አለች ሱምያ በሹክሹክታ። «ቲቸር ውስጥ ስብሰባ ላይ ናት።»

«የምን ስብሰባ? እኔ ሳልጠራ?»

ወይዘሮ ፒምቻይ ግን «እሺ፣ ትምህርቱን ይጀምሩልን» አሉ። መጀመር ነበረባት። የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጋሽ ሣህሌ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ይረዳሉ። የሚሄድ ሰው ኮቴ እስኪሰማት ጠበቀች። አልተሰማትም።

የመረጠችው የማር አቆራረጥን ነበር፤ ካፋ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፣ የማያውቅ ሰው ደግሞ ቢሰማው አይሰለቸውም።

«ዛሬ ማር እንዴት እንደሚቆረጥ እንማራለን። ቀፎው የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። ቀፎውን ከመክፈታችን በፊት መጀመሪያ ጭስ እና…»

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቆመች። ወይዘሮ ፒምቻይ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«…ጨሳለን» አለች ፀደንያ ራሷ፣ ጥቂት ቆይታ። «ጭሱ ሲገባ ንቦቹ ይረ…»

አሁንም ዝም። ወጣቱ መምህር እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ነካካ።

«…ጋሉ። ከዚያም የማሩን እንጀራ በቢላ እንቆር…»

«ወይዘሪት ፀደንያ፣ ይሰማዎታል?» አሉ ወይዘሮ ፒምቻይ። «መስመርዎ እየተቆራረጠ ነው። በጣም አዝናለሁ፣ ወደሚቀጥለው አመልካች እናልፋለን።»

«አልተቋረጠም! ይሰማኛል፣ መስመሩ ደህና ነው!»

«ታዲያ ለምንድን ነው በየመሃሉ የሚቆሙት?»

ፀደንያ ያኔ ነው የገባት። ብርሃኑን መርምራለች፣ በርጩማውን መርምራለች፣ አንሶላውን ሦስት ጊዜ አስተካክላለች። የገዛ አንደበቷን ግን አልመረመረችም። መምህር ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ ጫፉ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆማል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይጨርሰዋል። እሷም ተማሪ ሆና ስትጨርስ ኖራለች፣ መምህር ሆና ስታስጨርስ ኖራለች። ሥራ በጀመረች ሰሞን ጋሽ ሣህሌ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው ከታዘቧት በኋላ «አንቺ ሁሉንም ስለምትጨርሺው ነው የሚተኙት። ጫፉን ተዪላቸው፣ ጫፉ የተማሪው ነው» ብለዋታል። ዛሬ ሰባዎቹ አለመኖራቸውን አንደበቷ አላወቀም።

«አንድ ጊዜ ልድገመው» አለች። «እባክዎ።»

ወይዘሮ ፒምቻይ ሰዓታቸውን አዩ። «ይድገሙት።»

ከጓሮ የጀነሬተሩ ድምፅ ሸርተት ብሎ ተመለሰ። ፀደንያ እንዳትቆም ለራሷ ነገረች። እያንዳንዱን ቃል እየያዘች ሄደች፤ ዛፉን አለፈች፣ ቀፎውን አለፈች።

«ቀፎውን ከመክፈታችን በፊት መጀመሪያ ጭስ እና…»

ቆመች። የወይዘሮ ፒምቻይ እጅ ወደ መዝጊያው ሲሄድ አየች።

«…ጨሳለን!» አለ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሻካራ ድምፅ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ።

የተዘረጋው እጅ ባለበት ቀረ።

ፀደንያ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። «ጭሱ ሲገባ ንቦቹ ይረ…»

«…ጋሉ!» አሁን ሁለት ነበሩ፤ ሱምያ ተጨምራለች።

«ከዚያም የማሩን እንጀራ በቢላ እንቆር…»

«…ጣለን!» ሱቁ ውስጥ የቆሙት ገበያተኞች ሁሉ መለሱ። ሙራድ ከጓሮ ሆኖ፣ ዘግየት ብሎ፣ ለብቻው «ጣለን!» አለ።

«ማነው እዚያ ያለው?» አሉ ወይዘሮ ፒምቻይ።

ሬዲዮ ነው ማለት ይቻል ነበር። ጎረቤት ነው ማለትም ይቻል ነበር።

«ተማሪዎቼ ናቸው» አለች ፀደንያ። «መጀመሪያ የመለሱት ደግሞ መምህሬ ናቸው።»

«ብቻዎን እንዲሆኑ ጽፈንልዎ ነበር።»

«አዎ፣ ጽፋችሁልኛል። መጋረጃ እንጂ በር ያለው ክፍል አላገኘሁም።»

ወይዘሮ ፒምቻይ ለወጣቱ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉት፤ እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ልንገርዎ። የእኛ ልጆች አይናገሩም። ጓደኛ ፊት መሳሳት ይፈራሉ፤ ቢያውቁትም አይመልሱም። እርስዎ ጫፉን ትተው ይቆማሉ፤ ማንም አያነሳውም። ያኔ ምን ያደርጋሉ?»

ፀደንያ ያላት ያየችው ብቻ ነው። ሱምያ ተማሪዋ በነበረችበት ዓመት ከኋላ ወንበር ላይ ሆና እስከ ጥምቀት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

«እጠብቃለሁ» አለች።

«እስከ መቼ?»

«ቢፈቅዱልኝ ላሳይዎት።» በርጩማዋን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። «ማሩን ስንቆርጥ ሁሉንም አንወስድም። ለንቦቹም ቀለብ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ግማሹን እን…»

ቆመች፤ አሁን ወዳ። ካሜራውን እያየች ጠበቀች።

ጀነሬተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። ሙራድ በረጅሙ «ያ ረቢ» ሲል ተሰማት። ለመልስ የሚበቃው ጊዜ አልፎ ሄደ። ከመጋረጃው ወዲያ ማንም አልመለሰም፤ ጋሽ ሣህሌ ጥያቄው ለማን እንደሆነ ገብቷቸዋል፣ ሌላውንም ዝም ያሰኙት እሳቸው ሳይሆኑ አልቀሩም። ወይዘሮ ፒምቻይ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተካከሉ፣ መልሰው አስተካከሉት። ራሷ እንድትጨርሰው ምላሷ ቀበጠ፤ ነከሰችው። ጀነሬተሩ ደግሞ ሳለ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ተንቀጠቀጠ።

«…ተዋለን» አለ መነጽር ያደረገው ወጣት።

ከጆሮው ጫፍ እስከ አንገቱ ቀላ። ወይዘሮ ፒምቻይ መላ አካላቸውን አዙረው አዩት፤ ለካ ድምፅ አለው የሚል አስተያየት ነበር።

«ግማሹን እንተዋለን» አለች ፀደንያ። «ትክክል ነው። በጣም ጥሩ!»

ጀነሬተሩ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ የወጣቱ ግማሽ ፈገግታ እንዳለ ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

ውጭ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋ። ጋሽ ሣህሌ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ የባትሪ ድንጋዮቹን በእጃቸው እንደያዙ ገቡ። ነጩን አንሶላ፣ የሳሙና ካርቶኑን፣ እሷን በየተራ አዩ።

«የት ነው አገሩ?»

«ታይላንድ። ትንሽ ከተማ ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ ነገር?»

«ሁለት ዓመት ሆነው፣ ጋሼ።»

«እና ለእኔ አልነገርሽኝም።»

«ብነግርዎት አይፈርሙልኝም ብዬ ነው።»

«አልፈርምም ነበር» አሉ፣ ቁርጥ አድርገው።

ሱምያ፣ ፀደንያ እንዳይጮህባት ሱቁ ውስጥ የተወችውን ስልክ ይዛ ከበሩ እየሮጠች መጣች። «ቲቸር፣ መልእክት! በሩ ጋ አንድ መስመር ኔትወርክ አለ!»

ፀደንያ ተቀብላ አነበበች። ከወይዘሮ ፒምቻይ ነበር። መስመሩ ቢቋረጥም ያየነው ይበቃናል። ትምህርት የሚጀመረው በግንቦት ነው፤ ከአሠሪዎ መልቀቂያ አግኝተው እስከዚያ መድረስ ይችላሉ? መልስዎን ዛሬውኑ ያሳውቁን።

ጮክ ብላ በአማርኛ ተናገረችው። መደበቁ አብቅቷል።

«ግንቦት» አሉ ጋሽ ሣህሌ። «አሥራ ሁለተኛዎቹ የሚፈተኑት ሰኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

የባትሪ ድንጋዮቹን በመዳፋቸው ውስጥ አጋጩ። ሲናደዱ በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ነው የሚናገሩት፤ ፀደንያ ጠበቀች። ካፊኖኖው ግን አልመጣም።

«እንግዲህ እኔው ነኝ የመለስኩልሽ» አሉ በመጨረሻ። «ዝም ማለት እችል ነበር። ሴትዮዋ ልትዘጋብሽ ነበር፣ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ነገ ክፍልሽ ውስጥ ነበርሽ። አፌ ቀደመኝ። አሁን አልፈርምም ብል በምን አፌ?»

«ልጆቹስ?»

«እኔ አደርሳቸዋለሁ። ቢሮ መቀመጥ ወገቤን ገድሎታል። ቾክ ግን አሁን የሚሰጡን አቧራ ነው፤ ያስለኛል።»

«ካርቶን ሙሉ ጥሩ ቾክ አለኝ፣ ጋሼ!» አለ ሙራድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እርጎም አለ፤ አሁኑኑ ከተጠጣ።»

ፀደንያ መሳቅ አልቻለችም። ወደ በሩ ሄዳ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘች። መጻፍ ጀመረች፤ መልቀቂያውን እንደምታገኝ፣ እስከ ግንቦት… ጣቷ ቆመ። ዞራ ጋሽ ሣህሌን አየቻቸው።

ጋሽ ሣህሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄኛውን እኔ አልጨርስልሽም» አሉ።

«ቲቸር ላኪው እንጂ!» አለች ሱምያ። «መስመሯ እየጠፋች ነው!»

እደርሳለሁ ብላ ጻፈች፤ ላከችውም።