የልጄ ነፋስ

ሶሌዳድን ሐኪሞች ቢያውቋት ይጠሏት ነበር። ሴቡ ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች የጻፉትን የሕሙማን ካርድ እያነበበች ለየበሽታው መለያ ቁጥር ትሰጣለች። የእሷ ድርሻ ዓይን ነው። ሲተኙ የዓይን ቆቡ አልገጥም ብሎ ለደረቀና ለቆሰለ ዓይን እንኳ ቁጥር አለው፤ ብቻ ቀኝ ይሁን ግራ ወይስ ሁለቱም፣ መጻፍ አለበት። ያልጻፈ ሐኪም ወዮለት! ካርዱን መልሳ ትልክበታለች።

«ዛሬስ የትኛውን ዶክተር ልታስለቅሺ ነው?» ትላታለች አጠገቧ የምትሠራው ጆቬሊን።

«ዓይን አይቶ የቱ እንደሆነ የማይጽፍ ሰው ያልቅስ!»

አባቷ ፕሩደንሲዮ፣ ጂፕኒ የሚሉት የከተማ ታክሲ ሾፌሩ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ነው የሚተኛው። «እኛ ቤት ሌባ አይደፍርም፤ አባዬ ተኝቶም ያያል» እያለች ስትስቅበት አደገች። ጠዋት ዓይኑ ደም መስሎ «አሸዋ አለበት መሰለኝ» ሲላት «የመንገዱ ጭስ ነዋ!» ብላ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። አይ ሶሌዳድ! የባዕድ ዓይን ስታነብ እየዋለች የአባቷን ሳታየው ቀረች።

ሙቀቱ እንቅልፍ ቢነሳው በመጀመሪያ ደመወዟ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ገዛችለት። በቀኙ ግድግዳ ስለሆነ በግራው በኩል፣ ልክ ፊቱ ላይ እንዲነፍስ አድርጋ በገዛ እጇ አስቀመጠችው። አባቷም ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ «የልጄ ነፋስ!» እያለ አሳየ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሌሊት አላጠፋውም።

ባለፈው ማክሰኞ በግራው የቆመ ጋሪ ሳያይ ገጨ። ሶሌዳድ እጁን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ዓይኑን በመብራት ስታይ ቆይታ፦

«ሲተኛ ቆቡ ይገጥማል?» አለች።

«አይገጥምም።»

«ነፋስ የሚመታው በየት በኩል ነው?»

ሶሌዳድ በልቧ ምነው ባላወቅሁ አለች። «በግራ» አለች። ማራገቢያውን ያስቀመጠችበትን ቀን ሳይቀር ታውቀዋለች።

«ግራው ጠባሳ ሆኗል፤ የሚመለስ አይመስለኝም። ቀኙን እናድን። ሲተኛ ቅባት ቀቢውና በፕላስተር ዝጊለት።»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁህ» ብላ እዚያው አለቀሰች።

«ተይ እንጂ! ያለ ነፋስሽ እንደዚያ እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል እንዴ?»

ቤት ገብተው ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ቀብታ፣ ዓይኖቹን በፕላስተር ዘጋችለት። የአባቷን የተዘጋ ዓይን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ የሞተ መሰላትና ደረቱን ዳሰሰች። እሱ ግን አልተኛም። በግራ በኩል እጁን ሰዶ የማራገቢያውን ቁልፍ ፈለገ፤ ማራገቢያው የለም።

«የኔ ልጅ፣ ነፋሴ የት ሄደ?»

ለጎረቤት ሰጥታዋለች። አፏን በመዳፏ ይዛ፣ ካርቶን አንስታ ፊቱን ትታ እግሩን ታራግብለት ጀመር።