የአንድ ሰዓት ከሐዲ

በፍራንከር ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮት ከሚማሩት ሁሉ እንደ ሹርድ ጸሎት የሚወድ አልነበረም። መምህር ሄሰል ግን ለዚያ ሳምንት ክርክር «እግዚአብሔር የለም» የሚለውን ወገን ይዞ እንዲቆም የመረጡት እሱን ነው። ደንቡ እንዲህ ነበር፤ አንዱ ተማሪ ማስረጃ ያቀርባል፣ ሌላው ከሐዲ ሆኖ ይሞግተዋል። በከተማው እውነተኛ ከሐዲ ተፈልጎ ስለማይገኝ ከተማሪው ይመደባል። ሹርድ ቢለምን ቢያስለምን መምህሩ አልሰሙትም። «አጥብቀህ ካልሞገትክ ማስረጃችን ምኑን ተፈተነ?» አሉት።

በዕለቱ ጓደኛው ዊብረን ተነሣና፣ የሚንቀሳቀስ ሁሉ አንቀሳቃሽ አለው፣ ለዚያም ሌላ አለው፣ ይህ ግን ያለ መነሻ ሊቀጥል ስለማይችል የሁሉ መነሻ እግዚአብሔር ነው ብሎ አስረዳ። ሹርድ እየፈራ፣ ያለ መነሻ ለምን ሊቀጥል አይችልም ሲል ጠየቀ። ዊብረን መለሰ፤ ሹርድ መልሱን አፈረሰበት። ሌላ መልስ መጣ፤ እሱንም አፈረሰው። ፍርሃቱ ሳያውቀው ለቀቀው፤ እንዲያውም ነገሩ ይጥመው ጀመር። በመጨረሻ ዊብረን ላቡን እየጠረገ ተቀመጠ። መምህር ሄሰል ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰዓቱ አልቋል አሉ፤ ገና አላለቀም ነበር።

ወሬው ሹርድን ቀድሞት ሰፈር ገባ። ቤት ሲደርስ አከራዩ ወይዘሮ ባውክ ፍራሹን ደጃፍ ላይ አውጥተው ጠበቁት። ቢያስረዳቸው፣ ቢምልላቸው አልሰሙትም። ሮጦ ሄዶ መምህሩን ይዞ መጣ።

«ከሐዲ ሁን ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሜቴ» አሉ መምህር ሄሰል።

«እንዲያማ ከሆነ የእርስዎም ፍራሽ ደጅ ይደር።»

ሹርድ ሳቁን ዋጠ። ወይዘሮዋ ቀጠሉ፦ «ለመሆኑ ረታ?»

መምህሩ ትንሽ አመነቱ። «ረታ።»

«ታዲያ እግዚአብሔር አሁን ምን ሊሆን ነው?»

«የወደቀው የኛ ማስረጃ ነው እንጂ እሱማ እንዳለ አለ። እኔ ደግሞ የተሻለ ማስረጃ እፈልጋለሁ።»

«እስኪያገኙስ?»

«እስካገኝማ እንደ ወትሮዬ እጸልያለሁ።»

ወይዘሮ ባውክ ጥቂት አሰቡና ሁለቱንም አስገብተው የአተር ሾርባ ቀዱላቸው። ግን ሹርድ ማዕዱን ጮክ ብሎ ካልባረከ ማንም ማንኪያ እንዳያነሣ አሉ። ሹርድ ባረከ። ከልቡ ነበርና ረዘመ፤ ለከተማው፣ ለዊብረን፣ ለወይዘሮዋ ዶሮዎች ሳይቀር ጸለየ። ሾርባው ቀዘቀዘ። መምህር ሄሰል አንድ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «በቃ፣ አምነውሃል» ብለው አንሾካሾኩለት።

«ይቀጥል እንጂ» አሉ ወይዘሮ ባውክ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።